አውቶብሱ የት ያድራል?

ስለ ኤሌክትሪክ አውቶብስ ወሬ ከተነሳ ሰው የሚጠይቀው ስለ ባትሪው ነው። ስንት ኪሎሜትር ይሄዳል? ስንት ዓመት ያገለግላል? ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል? ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። እኔን ግን ሁሌም የሚቀድመኝ ሌላ ጥያቄ ነው፤ አውቶብሱ የት ያድራል?

የሙያ አመል ሳይሆን አይቀርም። ለዓመታት ሥራዬ ከመብራት መስመርና ከትራንስፎርመር ጋር ነበር። ለኮንዶሚኒየም፣ ለሆቴል፣ ለፋብሪካ ኃይል ከየት መጥቶ በየት እንደሚገባ ማስላት። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ስሄድ ሰው ሕንፃውን ሲያይ እኔ ምሰሶውን አያለሁ። ባለቤቴ በዚህ ብዙ ስቃብኛለች።

ጥር 2016 ላይ መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ ስለ ቻርጀር የማያወራ ሰው የለም። አዲስ አበባም የኤሌክትሪክ አውቶብስ ማየት ጀምራለች። ድምፅ ስለሌላቸው ስልኩ ላይ ያቀረቀረ ሰው ፌርማታው ላይ ቆሞ ያመልጡታል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ደግሞ ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። 5,150 ሜጋዋት። «እንግዲህ ኃይል ሞልቷል፣ ምን ቀረ?» የሚለው በዝቷል።

የቀረውማ ብዙ ነው። ጉባ ላይ የመነጨ ኃይል ጀሞ የቆመ አውቶብስ ባትሪ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ረጅሙን መስመር አልፎ፣ ማከፋፈያ ጣቢያ ደርሶ፣ በ15 ሺህ ቮልት ሰፈር ገብቶ፣ ትራንስፎርመር ላይ ወርዶ ነው። ግድቡ ሞልቶ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ሊቃጠል ይችላል። መብራት የሚጠፋብን ብዙ ጊዜ አገር ኃይል ስላጣች አይደለም። መጨረሻው ላይ ያለችው ቀጭን መስመር ስለማትችል ነው።

አንድ ጊዜ በዚህ ጉዳይ በተጠራ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። የማን ስብሰባ እንደነበር ይቅር። ግድግዳው ላይ የአዲስ አበባ ካርታ ተዘርግቷል። ካርታው ላይ ቀይ ክቦች አሉ። መስቀል አደባባይ፣ መገናኛ፣ ሜክሲኮ፣ ፒያሳ፣ ቦሌ። የአውቶብስ ቻርጀር የሚተከልባቸው ቦታዎች ናቸው ተባለ። ለምን እዚያ? ብዙ አውቶብስ ስለሚያልፍባቸው።

ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ግን አውቶብስ በሚያልፍበት ቦታ ቻርጅ አይደረግም። ቻርጅ የሚደረገው ሲቆም ነው። መገናኛ ላይ አውቶብስ የሚቆመው ሰው እስኪወርድና እስኪሳፈር ነው። ከዚያ ከኋላው ያለው ይጮህበታል፤ ተራ አስከባሪው ጎኑን ይደበድበዋል። የትኛው ደቂቃ ላይ ነው የሚሰካው? እኔ የታየኝ ሌላ ነገር ነው። እነዚያ ቀይ ክቦች በሙሉ ሪባን ሲቆረጥ ለካሜራ የሚመቹ ቦታዎች ነበሩ።

የሒሳብ ሰዎች በዚህ ዓይነት ጥያቄ ከተጠመዱ ቆይተዋል። ሀኪሚ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1964 የስልክ ማዞሪያ ጣቢያ የት ቢቀመጥ ሽቦው ያጥራል የሚለውን በስሌት አሳይቷል። ያ ሐሳብ ዛሬ ለእሳት አደጋ ጣቢያም፣ ለክሊኒክም፣ ለነዳጅ ማደያም ቦታ ሲመረጥ ይሠራበታል። የቤት መኪና ቻርጀር ላይም ያስኬዳል። ባለመኪናው መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ብዙ ሰው ወደሚያልፍበት መጠጋት ነው። የከተማ አውቶብስ ግን እንዲህ አይደለም። ስንት ሰዓት ወጥቶ ስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ የትኛው መስመር ላይ እንደሚውል፣ ምሳ ሰዓት ላይ የት እንደሚቆም ስምሪት ክፍል ባለ አንድ ወረቀት ላይ ሁሉም ተጽፏል። ስብሰባው ላይ ያ ወረቀት አልነበረም። ከስምሪት የመጣ ሰውም አላየሁም።

ሰፈራችን ጡረታ የወጡ የአንበሳ አውቶብስ ሹፌር አሉ። ከሥራ ስመለስ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ካገኘኋቸው አረፍ እላለሁ። የስብሰባውን ነገር አጫወትኳቸው።

«ጋሼ፣ መዳረሻ ላይ ስንት ደቂቃ ትቆሙ ነበር?» አልኳቸው።

«በወረቀት ወይስ በእውነት?»

«ሁለቱንም።»

«በወረቀት ሩብ ሰዓት። በእውነት ግን ልጄ፣ መንገዱ ከዘጋብህ ሻይዋንም ሳትጠጣ ነው የምትዞረው። ሰልፉ ይጠብቅሃላ።»

ይቺን መልስ የያዘ ሰው ግማሹን ዕቅድ ጨረሰ ማለት ነው። አውቶብስን ቻርጅ የማድረጊያ መንገድ ባጭሩ ሁለት ነው። አንዱ ሌሊት ዴፖ ውስጥ፣ ማለትም አውቶብሶቹ በሚያድሩበት ግቢ፣ ቀስ እያሉ መሙላት። ሌላው ቀን፣ መዳረሻ ላይ ወይም ፌርማታ ላይ፣ በጣም ኃይለኛ በሆነ ቻርጀር ቶሎ ቶሎ ማጉረስ። ጄኔቭ ሁለተኛውን መንገድ መርጣለች። መስመር 23 ላይ አውቶብሱ ፌርማታ ሲደርስ ከጣሪያው ክንድ ይወጣና በ600 ኪሎዋት ኃይል ለ15 እና ለ20 ሰከንድ ይጎርሳል። ሁሉም ፌርማታ ላይ ሳይሆን በተመረጡት ላይ ብቻ። መዳረሻው ላይ ደግሞ 4 ወይም 5 ደቂቃ ይሞላል። የሚያስቀና ሥራ ነው። ባትሪው ትንሽ ስለሆነ አውቶብሱ ይቀልላል፤ ለሰው ቦታ ይተርፋል።

ግን ያ የሚሠራው አውቶብሱ በሰዓቱ ሲደርስ ነው። እኛ ጋ መጀመሪያ የሚበላው የመዳረሻው ሩብ ሰዓት ነው። ጠዋት አንድ ጊዜ ሳይሞላ ዞረ። ቀጥሎም ሳይሞላ ዞረ። ዕዳው እየተጠራቀመ አውቶብሱ ኮተቤ መንገድ ላይ ይቆማል። ማታ መውጫ ላይ፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት።

ሌላም አለ። መስቀል አደባባይ ላይ ቻርጀር ተከልን እንበል። መስከረም 16 ደመራ ነው፤ መንገዱ ዝግ ነው። ኢሬቻ ሲሆን ዝግ ነው። ታላቁ ሩጫ ሲሆን ዝግ ነው። ትልቅ እንግዳ ሲመጣም እንደዚያው። በእነዚህ ቀናት አውቶብሱ በሌላ መንገድ ዞሮ ይሄዳል፤ ቻርጀሩ ግን ዞሮ አይከተለውም።

ስለዚህ ዴፖ። አሰልቺ መልስ ነው፤ ማንም ፎቶ አይነሳበትም። ግን ሒሳቡን እንየው።

12 ሜትር ርዝመት ያለው የከተማ አውቶብስ በአንድ ኪሎሜትር ከ1 እስከ 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ብርዱ ወይም ሙቀቱ በሚበረታባቸው ከተሞች ከዚህም ሊበልጥ ይችላል፤ ማሞቂያውና ማቀዝቀዣው ባትሪውን ይጋራሉ። በዚህ በኩል አዲስ አበባ ታድላለች። መስኮት መክፈት ይበቃል። («ነፋስ ይመታኛል፣ ዝጉልኝ» የሚል ተሳፋሪ እስካልተነሳ ድረስ። ይነሳል ደግሞ።) እንግዲህ አውቶብሱ ከነመጨናነቁ በሰዓት በአማካይ 15 ኪሎሜትር ይሄዳል እንበል። 14 ሰዓት ቢሠራ 210 ኪሎሜትር ነው። በ1.2 ስናባዛው 250 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይመጣል። የዚህ መጠን አውቶብሶች ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ250 እስከ 350 ነው። ተለቅ ያለውን ባትሪ የያዘ አውቶብስ አብዛኛውን መስመር ሌሊት በሞላው ብቻ ይጨርሳል። ዘገምተኛው ትራፊካችን ለአንድ ነገር ጠቀመን፤ አውቶብሱ ብዙ ርቀት እንዳይሄድ አደረገልን።

ዴፖ ሲባል ግን ሌላ አደጋ ይመጣል። 100 አውቶብስ የሚያድርበት ግቢ እናስብ። አመሻሽ ላይ ገብተው ሁሉም ባለ 120 ኪሎዋት ቻርጀር ላይ ባንድ ጊዜ ቢሰኩ 12 ሜጋዋት ነው። አንዱ ቻርጀር ብቻውን ሠላሳ የእንጀራ ምጣድ ባንዴ እንደ መጣድ ነው። መቶው ሦስት ሺህ ምጣድ። ይሄንን የሚችል መስመር ዝም ብሎ ሰፈር ውስጥ አይገኝም። አዲስ መስመር ከማከፋፈያ ጣቢያ መሳብ ይጠይቃል፤ ጣቢያው ራሱ ላይበቃም ይችላል።

አሁን ደግሞ ሌላውን መንገድ እንየው። እነዚያው 100 አውቶብሶች በቀን የፈጁት 25,000 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 4 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ባሉት ሰባት ሰዓታት ውስጥ ተራ በተራ ቢሞሉ የሚያስፈልገው 3.6 ሜጋዋት ብቻ ነው። ከአንድ ሦስተኛ ያነሰ። ያው አውቶብስ፣ ያው ሌሊት። ለውጡን ያመጣው ተራ ማስያዙ ነው። ጠዋት 11 ተኩል የሚወጣው ይቅደም፤ 2 ሰዓት ላይ የሚወጣው ይጠብቅ። ይሄንን የሚሠራ ሶፍትዌር አለ፤ ከሌለም አንድ ንቁ የሌሊት ተረኛና አንድ ደብተር ይሠሩታል። ሰዓቱም ጥሩ ነው። አመሻሹ ላይ አገር ሁሉ ወጡን ሲሠራና ቴሌቪዥኑን ሲከፍት መስመሩ ይጨናነቃል፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ይቀላል።

ስለዚህ እኔ ዴፖ የምመርጥ ሰው ብሆን የመጀመሪያው ካርታዬ የመንገድ ካርታ አይሆንም። የ15 ሺህ ቮልት መስመሮችና የማከፋፈያ ጣቢያዎች ካርታ ይሆናል። በየትኛው መስመር ላይ ሌሊት ስንት ቦታ አለ? ሁለት መስመር የሚደርስበት ግቢ የቱ ነው? አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲይዝ። ሙሉ ሌሊት መብራት የጠፋበት ዴፖ ጠዋት መቶ አውቶብስ አያወጣም። የነዳጅ ጄኔሬተር አስገብቶ የኤሌክትሪክ አውቶብስ መሙላት ደግሞ፣ ከነዳጅ ለመሸሽ ለወጣች አገር፣ ያስቃል።

ሁለተኛው ካርታ ሰው ጠዋት የት እንደሚሰለፍ የሚያሳይ ነው። አያት፣ ጀሞ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሰው ከዳር ወደ መሐል ነው የሚጎርፈው። አውቶብሱ መሐል ከተማ ካደረ ጠዋት ባዶውን ወደ ዳር መሄድ አለበት። ማታም እንደዚያው ባዶውን ይመለሳል። ባዶ ጉዞ ባትሪም ይበላል፣ የሹፌር ሰዓትም ይበላል። ዳር ላይ ማደር ይሻላል። መሬቱም እዚያ ይገኛል፤ ቢያንስ ከመሐል ይልቅ።

መሬት ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ አውቶብሶቿን በሙሉ፣ 16,359 አውቶብስ፣ ወደ ኤሌክትሪክ የቀየረችው የቻይናዋ ሼንዘን እንኳ ከራስ ምታቶቿ አንዱ መሬት ነበር። የናፍጣ አውቶብስ ጠጋ ጠጋ ብሎ መንገድ ዳርም ሊያድር ይችላል። የኤሌክትሪኩ ግን መሰኪያ ጋ መድረስ አለበት፤ መሐሉ ላይ ቻርጀር ይቆማል፤ መዞሪያ ይፈልጋል። ያው ግቢ ጥቂት አውቶብስ ብቻ ይይዛል። ነባሩን ዴፖ ይዘን እንቀጥላለን የሚል ካለ መጀመሪያ ሜትር ይዞ ይውረድ። ክረምትንም ያስብ። አቃቂ ወንዝ ዳር ርካሽ መሬት አግኝቶ ቻርጀር የተከለ ሰው ነሐሴ ላይ እንቅልፍ አይወስደውም።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ዳገቱ።

ከሽሮ ሜዳ ተነስቶ ቃሊቲ የሚደርስ አውቶብስ 500 ሜትር ገደማ ይወርዳል። የናፍጣ ሞተር በእኛ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳበት ያቃስታል፤ ዳገት ላይ ከኋላው የሚለቀውን ጭስ ሁላችንም ውጠነዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይፈልግም፤ ከፍታው አይቆረቁረውም። ከዚያም በላይ ቁልቁል ሲወርድ ፍሬኑ ጄኔሬተር ይሆናል፤ ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። 15 ቶን የሚመዝን አውቶብስ 500 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 20 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። ግማሹ እንኳ ቢመለስ 10 ነው። ሜዳ ላይ ስምንት ዘጠኝ ኪሎሜትር ያስኬዳል። ነፃ!

ግን አንድ ሁኔታ አለው። ባትሪው ውስጥ ቦታ መኖር አለበት። ዳገቱ ጫፍ ላይ ቻርጀር ተክለህ አውቶብሱን መቶ በመቶ ሞልተህ ቁልቁል ብትለቀው ባትሪው የሚመለሰውን ኃይል አይቀበልም። የሞላ ነገር የት ያስገባዋል? አውቶብሱ ቁልቁለቱን በሙሉ በተለመደው ፍሬን ይወርዳል። ሸራው ይበላል፣ ይግላል፣ ያ ነፃ ኃይል አየር ላይ ይቀራል። ስለዚህ ወደ እንጦጦ በሚወጡ መስመሮች ላይ ቻርጀሩ ታች መሆን አለበት። ላይ ማደር ግድ ከሆነ ደግሞ በመቶ 85 ላይ ማቆም ነው። ሰንጠረዥ ብቻ የሚያይ ሰው ይሄንን አያገኘውም፤ ከተማዋ ሜዳ አይደለችም።

ቀን ላይ ጭራሽ አይሞላ እያልኩ አይደለም። ረጅም መስመሮች አሉ፤ ያረጀ ባትሪም ይመጣል። ከረፋዱ 4 እስከ ከሰዓት 9 ሰው ስለሚቀንስ ብዙ አውቶብስ ይቆማል። ያኔ የት እንደሚቆሙ ስምሪት ያውቃል፤ እዚያ ጥቂት ቻርጀር ቢኖር ለመጠባበቂያ ይበቃል። ለዚህ ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። ሰው ሲሰማው ይስቅ ይሆናል።

ቪየና እ.ኤ.አ. በ2013 መሐል ከተማዋ ውስጥ በሚሠሩ ሁለት መስመሮች፣ 2ኤ እና 3ኤ፣ ላይ ትንንሽ የኤሌክትሪክ አውቶብሶች ነበሯት። አዲስ የኃይል መስመር አልዘረጋችላቸውም። መዳረሻው ላይ ክንዳቸውን አንስተው ከከተማው ባቡር ሽቦ ኃይል ይቀበሉ ነበር። እኛ ጋስ? ቀላል ባቡራችን መስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር 41 ባቡር ነበረው። ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ከቆሙ ዓመታት አልፈዋል። ለባቡሮቹ ታስቦ የተዘረጋው የኃይል አቅርቦት ግን እዚያው አለ። ከመጨረሻ ፌርማታዎቹ መካከል ደግሞ አያት፣ ጦር ኃይሎችና ቃሊቲ ይገኙበታል። ሦስቱም ቦታ አውቶብስ የሚሰለፍበት ነው። ከባቡሩ የተረፈው ኃይል ስንት እንደሆነ ለክቶ ማየት አንድ ሳምንት የማይፈጅ ሥራ ነው። ባቡሮቹ ተጠግነው ሁሉም ቢመለሱ ደስ ይለኛል፤ እስከዚያው ግን ሽቦው ሥራ ቢያገኝ ምን ይጎዳል?

ሌላው በቶሎ መደረግ ያለበት ነገር ጉድጓድ ነው። የኮሪደር ልማቱ ሲሠራ መንገዱ ተከፍቷል፤ የመብራቱም የስልኩም ሽቦ መሬት ውስጥ እየገባ ነው። ወደፊት ቻርጀር ሊመጣበት በሚችል መዳረሻ ሁሉ ባዶ ቱቦ መቅበር አሁን ርካሽ ነው። ንጣፉ ካለቀ በኋላ እንደገና መስበር ግን... ይሄ ከተማ ውስጥ ለኖረ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

የሳንቲያጎን ነገርም ልጥቀስ። ቺሌ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የመጀመሪያዎቹ 100 አውቶብሶች ሲገቡ ቻርጀሩን ያዘጋጀው አውቶብስ ነጂው ድርጅት አልነበረም። የኃይል ኩባንያው ኢኔል ነበር ከውጥኑ ጀምሮ የገባበት። መስመሩ የት እንደሚችልና የት እንደማይችል የሚያውቀው እሱ ነው። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። መሬት ይሰጣል፣ አጥር ይታጠራል፣ ዕቃ ከጂቡቲ ይነሳል፤ ከዚያ ለመብራት ማመልከቻ ይጻፋል። በሥራዬ ዘመን ተሠርቶ አልቆ ኃይል የሚጠብቅ ሕንፃ ብዙ አይቻለሁ። ሕንፃ ይጠብቃል። አውቶብስ ግን ጠዋት የሚጠብቀው ሰልፍ አለበት።

የመጨረሻዋ ትንሽ ነገር መሰኪያው ናት። የቻይና ገበያ ጂቢቲ የሚባለውን ይጠቀማል፤ አውሮፓ ሲሲኤስ ሁለት የሚባለውን። ሁለቱ አይገጥሙም። አገራችን ውስጥ ሁለቱም ዓይነት መኪና አለ። አውቶብሱን አንድ ክፍል፣ ቻርጀሩን ሌላ ክፍል በየራሱ ጨረታ ከገዛ አንድ ቀን ግቢው ውስጥ ፊት ለፊት ቆመው ይተያያሉ። አስማሚ አለ ይሉኛል። አዎ፣ አለ። ለአንድ የቤት መኪና እኔም እጠቀምበት ይሆናል። መቶ አውቶብስ በየሌሊቱ፣ በክረምት ዝናብ፣ በደከመው ተረኛ እጅ፣ በ120 ኪሎዋት በአስማሚ ሙላ ቢሉኝ ግን አልፈርምም።